የእንጦጦ ተዳፋት አፈር ትኩረት ይሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስለ እንጦጦ የሚጻፈው በአመዛኙ ስለ መዝናኛነቱ ነው። ሰው ተራራውን እየወጣ ማየቱ ደስ ያሰኘኛል። ሆኖም ከሥሩ የምንኖር ሰዎች በየክረምቱ በደጃችን ቀይ ሆኖ የሚያልፈውን ጎርፍ እያየን ስለ ተዳፋቱ አፈር ዝም ማለት አንችልም።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ያለው አቃቂ ደግሞ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው ከ30 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተሠራው ይህ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰን ጭምር ነው። በሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ውኃ በሙገር አድርጎ ዓባይን ሲቀላቀል፣ በደቡብ በኩል የሚወርደው ግን በቀበናና በቀጨኔ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ስለዚህ ተራራው ዝናቡን ወደ ውስጥ አስርጎ በበጋ ቀስ በቀስ ቢለቀው ተጠቃሚው የአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ አይደለም።

ይህን ሥራ ቀድሞ ይሠራ የነበረው የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ደን ከተማዋ ስትቆረቆር ለቤትና ለማገዶ አለቀ። የማገዶው እጥረት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ አድርሷቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን ካለችበት ያቆያት፤ ስለሆነም ዛፉን እንደ ጠላት ለሚያዩት ሰዎች ይህን ውለታ ላስታውሳቸው እወዳለሁ። ችግሩ ያለው ከዛፉ ሥር ነው። ባሕር ዛፍ ውኃን አጥብቆ ስለሚሻማ በጥላው ሥር ሣርና ቁጥቋጦ በቀላሉ አይበዛም፤ በዚያ ላይ የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀርና የዝናቡ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ ይመታዋል። ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ናቸውና፣ አማራጭ ገቢና ማገዶ ሳይዘጋጅ እነርሱን መከልከል ፍትሕ አይደለም፤ አፈሩንም አያድነውም።

ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች የመተካቱን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ አፈጻጸሙ ነው። በገደላማ ቦታ ላይ ያለውን ዛፍ በአንድ ጊዜ ጨርሶ መቁረጥና ክረምቱ ሲቃረብ ጉድጓድ መቆፈር፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት መሬቱን ያለ ሽፋን ማስቀረት ነው። ዛፉን እያሳሱ በመሐሉ መትከል፣ የቦረቦሩና የምንጮቹን ዙሪያ ማስቀደም፣ የረገፈውን ቅጠልም ባለበት መተው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቅጠሉ በማይነካበትና ከብት በማይገባበት ቦታ፣ ወፎች ከሚያመጡት ዘር የጽድና የወይራ ቡቃያ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ራሱ ይበቅላል፤ ይህን ማንም ሰው በእግሩ ሄዶ ሊያየው ይችላል። የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በዚሁ ሰንሰለት ላይ ስለሚገኝ፣ የትኛው ዝርያ በየትኛው ከፍታ እንደሚጸድቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በሰፊው ይዘገባል። ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ እንደጸደቀ ግን እምብዛም አይነገረንም። እባካችሁ ዘጋቢ ልካችሁ፣ በከተማዋ በኩል ያለውን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን የሱሉልታን ተዳፋት ጨምሮ ቁጥሩን ከሚመለከታቸው አካላት ጠይቁና አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ