ጀበናው ለምን ተጣመመ? የቅርስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጡትን መሶብ፣ ጀበና፣ አገልግልና ሙዳይ ፎቶ እያነሳን በኮምፒውተር ስሪዲ ሞዴል፣ ማለትም በየአቅጣጫው እያዞሩ የሚያዩት ምስል፣ ስንሠራ ከረምን። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት ያነሳነው በመምህራን ስልክ ነው። የእኔ ጋለሪ እስካሁን ጀበና በጀበና ነው።

ዘዴው ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ዕቃውን እየዞርን፣ ፎቶዎቹ በደንብ እንዲደራረቡ አድርገን እናነሳለን፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ በየፎቶው የሚደጋገሙትን ነጥቦች አዛምዶ ካሜራው የት እንደቆመና ዕቃው ምን ቅርጽ እንዳለው ያሰላል። ለዚህ መሶብን የሚያክል የለም። የስፌቱ ጥለት በነጥብ የተሞላ ነው። ጀበና ግን አሳሩን አበላን። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ካሜራው በዞረ ቁጥር ነጸብራቁ ቦታ ይቀይራል፤ ሶፍትዌሩ ግራ ይገባዋል። አንገቱ ተጣሞ፣ እጀታው ከሆዱ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ደመናማ ቀን ጠብቀን፣ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን እንደገና አነሳነው፤ የጋዜጣው ጽሑፍ ለሶፍትዌሩ ጥሩ ምልክት ነው። ከጎኑ ማስመሪያ ይቀመጣል። ያለዚያ ሞዴሉ ጀበና ይሁን ጋን መጠኑ አይታወቅም።

ይሄ ሁሉ ለመሶብ ነው ወይ ያላችሁን ወላጆች ሰምተናል። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል ቀድሞ በሌዘር ስካነር (በብርሃን ጨረር ርቀት በሚለካ መሣሪያ) የተወሰደ ልኬት ስለነበረ ለጥገናው ጠቅሟል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትንም የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት በስካነር መዝግቧቸዋል። ለእማማ መሶብ ግን ስካነር ተሸክሞ የሚመጣ የለም።

እኔን ደስ ያለኝ ከሞዴሉ ይልቅ ልጆቹ ስለየዕቃው የሚሞሉት የመረጃ ሠንጠረዥ ነው፣ እነሱ ባይስማሙም። የማን ነው? ማን ሠራው? የት? ከምን? አንዷ ተማሪ “ከምን” በሚለው ሥር “ሳር” ብላ ጻፈች። ቤት ሄዳ ስትጠይቅ አያቷ ስንደዶና አክርማ መሆኑን፣ እሳቸው ራሳቸው ለሠርጋቸው እንደሰፉት ነገሯት፤ አንድ ዓምድ ሊበቃ ስላልቻለ “ታሪክ” የሚል ጨመርን። ቀኑም አወዛግቦን ነበር። ስልኩ በፈረንጆች ይመዘግባል፣ ልጆቹ በእኛ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ሁለቱም ይገባሉ።

ዋናዎቹ ፎቶዎች አይሰረዙም። ሶፍትዌር ሲሻሻል ከዚያው ፎቶ የተሻለ ሞዴል ይወጣል። ሦስት ቅጂ አለን፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ሃርድ ዲስኩ ቤተ መጻሕፍት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። መብራት በሠራነው መሀል እየጠፋ ስንቴ እንዳስጀመረን ግን አልናገርም።

ለ2018 ዓይናችን የካ ተራራ ላይ ነው፤ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ለእኛ ቅርብ ነው። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑና የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን እያዘጋጀን ነው። እስከዚያው ቤቱ ጋን ያለው ወላጅ ያውሰን፤ ተሸካሚ ልጆች እንልካለን።