አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፓይሉ ያለበት ቦታ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ ሌሎች የነደፉትን ማመሳከር ነው። ስለ ሕንፃ ደኅንነት ሲነሳ ወሬው ሁሉ የሲሚንቶና የፌሮ ጥራት ነው። ፓይሎች (ወደ መሬት ጠልቀው የሚገቡ የመሠረት ምሰሶዎች) አናት ላይ ተቀምጦ ኮለን ስለሚሸከመው ወፍራም አርማታ፣ ፓይል ካፕ ስለምንለው፣ የሚያነሳ ሰው አልሰማሁም።

በቅርቡ ገርጂ አካባቢ አንድ ሳይት ስደርስ ካሳፎርማው ቆሟል፣ ፌሮው ታስሯል፣ ሚክሰርም ታዟል። ከአራቱ ፓይሎች አንዱ ግን ከፕላኑ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ቁፋሮ ትንሽ መሳቱ ያለ ነው፤ የውል ሰነዶችም ብዙ ጊዜ እስከ 75 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳሉ። የሳይቱ ሰዎች መልስ «ከታች ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንጨምርበታለን» ነበር።

የታች ፌሮ የሚረዳው ካፑ እንዳይጎብጥ ነው። ሸር ሌላ ጉዳይ ነው፦ ኮለኑ ወደ ታች፣ ፓይሉ ወደ ላይ ሲገፉ መካከል ላይ ያለው አርማታ በሰያፍ ይቆረጣል። ደግሞ በድንገት ነው። ቀድሞ ቢሰነጠቅስ፣ ከመሬት በታች ማን ያየዋል? ስታፋ (ሸርን የሚይዝ የቁም ማሰሪያ ፌሮ) በሌለው ካፕ ይህን የሚችለው በዋናነት ውፍረቱ ነው።

ሒሳቡን እዚያው ሠራነው። ኮለኑ 60 በ60፣ ፓይሎቹም ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ከመሐል እስከ መሐል 1.80 ሜትር ይራራቃሉ። ካፑ ቁፋሮ ለመቀነስ ሲባል ከ1.20 ሜትር ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ወርዷል (ማን እንደፈቀደ አልጠይቅም)። ለስሌት የሚቆጠረው ጥልቀት 80 ነው። በአሜሪካኑ ኮድ ሸር የሚፈተሽበት መስመር ከኮለኑ ጠርዝ በዚሁ ጥልቀት ልክ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይሰመራል፤ ፓይሉ ከመስመሩ ወደ ውጭ በወጣ መጠን ለሸር የሚቆጠረው ጭነቱ ይጨምራል። ፓይሉ ቦታው ላይ ቢሆን ለሸር የሚቆጠረው ከፓይሉ ጭነት አንድ ስድስተኛው ነበር፤ 20 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ ግማሹ ሆነ። ሦስት እጥፍ! ካፑ በ1.20 ቢቀር ኖሮ መስመሩም አብሮ ስለሚርቅ ፓይሉ ተንሸራቶም ከመስመሩ አይወጣም ነበር። (ከመስመሩ አለመውጣት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ያኔ ከኮለኑ ወደ ፓይሉ የሚወርደው ሰያፍ ግፊት ለብቻው ይታያል።) እኛ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዝነው፣ ከአውሮፓ የተወሰደው ኮድ አቆጣጠሩ ይለያል፤ ፓይል ከኮለን ሲርቅ ሸሩ እንደሚከፋ ግን እሱም አይክድም።

በመጨረሻ ካሳፎርማው ከፍ ተደርጎ ካፑ ወደ 1.20 ተመለሰ። ባለንብረቱ እስካሁን አኩርፎኛል።

ተቆጣጣሪ አካላትን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፓይሎቹ ራስ ተሰብሮ እንደተስተካከለ ሰርቬየር ትክክለኛ ቦታቸውን ይለካ፤ ነዳፊው መሐንዲስ በዚያ ልኬት ሸሩን፣ ፓንቺንጉንም (ኮለኑ ወይም ፓይሉ ካፑን በስቶ እንዳያልፍ የሚደረገውን ፍተሻ) ጨምሮ፣ እንደገና ሠርቶ ይፈርም። ወረቀቱ ሳይቀርብ አርማታ እንዲሞላ አይፈቀድ። ልኬቱም ስሌቱም የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ
ከአዲስ አበባ