«በምን አወቅሽ?» ወይስ «ምን ሆኖ?»

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፄን አጥፍቼ መክረሜን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ሰበብ አልደረድርም፤ ብደረድር «ይሄ ማብራሪያ ነው ወይስ ማስተባበያ?» እንደምትይኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። ብዕር ያስነሳኝ ናፍቆት ብቻ ነው ብልሽም አታምኚኝም፤ ጉዳይ አለኝ። ትንሽ አፍሬያለሁ፣ ግን ካንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንደኛ ዓመቶቹ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ትምህርት ሙግትንና ማብራሪያን መለየት ላይ ደርሷል፤ መልመጃውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና ተማሪው ቀድሞ የሚሸመድደው የጠቋሚ ቃላትን ዝርዝር ነው። «ቢኮዝ» (ምክንያቱም) ሲያይ መነሻ፣ «ዜርፎር» (ስለዚህ) ሲያይ መደምደሚያ ብሎ ያሰምራል። ፈተናው ላይ «ቢኮዝ» ያለበት ማብራሪያ ሲመጣለት ደግሞ በሙሉ ልብ «ሙግት» ብሎ ይጽፋል። እነዚህ ቃላት የሚናገሩት ሁለት ሐሳቦች መያያዛቸውን ነው፤ አንዱ ለሌላው ማስረጃ ይሁን መንስኤ ግን አይናገሩም። በአማርኛም ያው ነው፤ «ስለ»ም «ምክንያቱም»ም፣ ከግሱ ጫፍ የምትንጠለጠለው «ና»ም ለሁለቱም ያገለግላሉ። ስለዚህ መልመጃውን በአማርኛ ጀምሬ ዝርዝሩን መጨረሻ ላይ ላመጣው ነው። ታውቂኛለሽ፣ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም።

መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ይህ ጥንድ ነው፦

«መብራት ጠፍቷል፤ ፍሪጁ ዝም ብሏልና።»
«መብራት ጠፍቷል፤ ትራንስፎርመሩ ፈንድቷልና።»

የፊተኛው ሐረግ አንድ፣ ማያያዣው አንድ፣ ሥራው ግን ሁለት። የመጀመሪያው ተናጋሪ መብራት መጥፋቱን ሊያሳምነን ይፈልጋል፤ የፍሪጁን ዝምታ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ይህ ሙግት ነው። ሁለተኛው መጥፋቱን ሁላችንም እንደምናውቅ ቆጥሮ ለምን እንደጠፋ ይነግረናል። ይህ ማብራሪያ ነው። ተማሪው ለመደምደሚያው «በምን አወቅሽ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ የመጣው ሐረግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሆነ ሙግት ይዟል። «ምን ሆኖ?» ለሚለው መልስ ከሆነ ደግሞ ማብራሪያ ነው። ፍሪጁ ለ«ምን ሆኖ?» መልስ አይሆንም፤ የፍሪጅ ዝምታ መብራት አያጠፋም።

ሁለተኛው መፈተኛ ዓረፍተ ነገሩን በ«ከ... የተነሳ» መልሶ መሥራት ነው። «ትራንስፎርመሩ ከመፈንዳቱ የተነሳ መብራት ጠፋ» ይሄዳል። «ፍሪጁ ዝም ከማለቱ የተነሳ መብራት ጠፋ» ሲባል ግን የኋላ ረድፍ ላይ የተኙት ሳይቀሩ ይስቃሉ። ይህን መፈተኛ የምወደው ቀስቱ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያሳይ ነው። በዓለም ላይ መብራቱ ጠፍቶ ነው ፍሪጁ ዝም ያለው፤ በጭንቅላታችን ውስጥ ግን ከፍሪጁ ተነስተን ነው መብራቱ ላይ የደረስነው። ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ከውጤት ወደ መንስኤ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ማብራሪያ ደግሞ ከመንስኤ ወደ ውጤት ይወርዳል።

«አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ጎበዞቹ የሚሰናከሉት። ትራንስፎርመሩ ሲፈነዳ መንገድ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ቤቱ ደውሎ «ትራንስፎርመሩ ፈንድቷል፤ እንግዲህ ቤትም መብራት የለም ማለት ነው» ቢል እየሞገተ ነው። ቤቱን አላየውም፤ ከመንስኤው ተነስቶ ውጤቱን ይገምታል። ያው ሐሳብ ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠች ሚስቱ ማብራሪያ ነው። ስለዚህ የ«የተነሳ» መፈተኛ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ሰሚው ይህን ቀድሞ ተቀብሏል ወይ?» የሚለው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ማን እንዳሸነፈ የሚጠራጠር አንባቢ የለም፤ «የጣሊያን ብርጌዶች በሌሊት ጉዞ ተራርቀው ስለነበር ተሸነፉ» የሚል አንቀጽ ሽንፈቱን እያስረዳ እንጂ እያረጋገጠ አይደለም። ማንም የማይጠራጠረውን ነገር የሚያረጋግጥ ሙግት አቅራቢ ብርቅ ነው (አንቺ ካልሆንሽ በቀር! የካፌዋን ክርክር ረሳሁት ብለሽ ነው?)።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሁለቱ የሚመዘኑበት ሚዛን የተለያየ ነው። ሙግት ሲሆን መነሻዎቹ እውነት ናቸው ወይ፣ መደምደሚያውንስ ይሸከማሉ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ማብራሪያ ሲሆን ግን የተባለው መንስኤ በእርግጥ ነበር ወይ፣ ብቻውንስ ያንን ውጤት ያመጣል ወይ፣ የተሻለ ሌላ መንስኤ የለም ወይ ነው ጥያቄው። ይህን ያልለየ ተማሪ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ «የትራንስፎርመሩ መፈንዳት መብራት መጥፋቱን አያረጋግጥም፤ ጀነሬተር ቢኖርስ?» ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ማብራሪያውን «ደካማ ሙግት» ብሎ ይጥለዋል።

ሌላው ስህተት ያልተረጋገጠን ነገር ማብራራት ነው። ለዚህ የያኮብ ሆርስትን ጉዳይ አስገባለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1593 ሲሌዢያ ውስጥ አንድ ሕፃን የወርቅ ጥርስ አበቀለ ተባለ። የሄልምሽቴት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ሆርስት በ1595 ስለዚህ ጥርስ መጽሐፍ አሳተመ፤ ልጁ ሲወለድ የነበረውን የከዋክብት አቀማመጥ ሳይቀር እያነሳ ወርቁ እንዴት እንደበቀለ አብራራ። ሌሎች ምሁራንም ተከትለው ተከራከሩበት። በኋላ አንጥረኛ ሲመረምረው ተራ ጥርስ ላይ የተለበጠ ስስ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። ማብራሪያው የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን «በምን አወቅህ?» ቀድሞ መመለስ ነበረበት። በእኛም ዘንድ «የዘንድሮ ልጆች ለምን ሰነፉ?» ብሎ የሚጀምር የሬዲዮ ውይይት ስትሰሚ፣ መስነፋቸውን ያረጋገጠ ተወያይ አለ ወይ ብለሽ አዳምጪ።

ከዚህ ቀጥሎ የማመጣቸው ሁለት ስህተቶች ግን ክፍሉን የሚያናጉ ናቸው። አንደኛው ሰው አንድን ሐሳብ ለምን እንደያዘ መናገርን የሐሳቡ ማስተባበያ አድርጎ መቁጠር ነው። «ኪራይ መጨመር የለበትም የምትለው ተከራይ ስለሆንክ ነው።» ይህ ሰውዬው ለምን እንዲህ እንዳሰበ ያብራራል፤ ምናልባትም ትክክል ነው። ኪራይ መጨመር አለበት ወይስ የለበትም ለሚለው ግን ቅንጣት አይጨምርም። በሰፈር፣ በፓርላማ፣ በፌስቡክ የሚካሄደው ክርክር ግማሹ ይኸው ነው፤ ግማሹ ስልሽ በልማድ አነጋገር ነው፣ አልቆጠርኩትም። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን በሁለት ቀለም ያስምር፤ በአንዱ ስለ ጉዳዩ የተባለውን፣ በሌላው ስለ ተናጋሪው የተባለውን። ያለው ሁለተኛው ቀለም ብቻ ከሆነ ሙግት የለም።

ሌላው ማብራራትን ከማጽደቅ ጋር ማደባለቅ ነው። «ልጆቹ ሱቁን የሰበሩት ሥራ አጥተው፣ ተስፋ ቆርጠው ነው» ያለ ሰው «ደግ አደረጉ» አላለም። መንስኤ ተናገረ እንጂ አልፈረደም። ተናጋሪው «ስለዚህ ሊወቀሱ አይገባም» ብሎ ሲጨምር ነው ሙግት የሚሆነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ መነሻ ይጎድለዋል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ለሚያጠፋው አይጠየቅም የሚል። ያንን የተደበቀ መነሻ አውጥቶ መጻፍ ለተማሪው ከባድ ነው፤ ግን ሲያወጣው ምን እንደተባለና ምን እንዳልተባለ ያያል፤ ቁጣውም አብሮ ይበርዳል።

ረጅሙ ምንባብ ስለ ክፉ ቀን ነው። ሙግትና ማብራሪያ በአንድ አንቀጽ ውስጥ እንዴት እንደሚጣበቁ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። «ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን የመታው ረሃብ የደረሰው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ስለፈጀ፣ ገበሬውም የሚያርስበት ስላጣ፣ ዝናቡ ቀርቶ አንበጣና ተምች ስለተከተለ ነው። በሽታው የገባው በምጽዋ በኩል ነው፤ ምክንያቱም የጣሊያን ጦር ከውጭ ያስመጣቸው ከብቶች እዚያ ከወረዱ በኋላ ከባህሩ ዳርቻ ወደ ደጋው እየተዛመተ ሄደ።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው፤ ረሃቡን ማንም አይክድም። ሁለተኛው ሙግት ነው፤ የበሽታው መግቢያ በር የታሪክ ጸሐፊ በጊዜና በቦታ ቅደም ተከተል የሚያረጋግጠው መደምደሚያ ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ሲመዝን «ከዚያ በኋላ መጣ ማለት ከዚያ መጣ ማለት ነው ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ቅደም ተከተሉ ብቻውን ደካማ ነው፤ ከአቅጣጫው ጋር ሲደመር ይጠነክራል።

አሠራሩ ይኸው፦ አሥራ ሁለት ጥያቄ። ስምንቱ እንደ ፍሪጁና ትራንስፎርመሩ አራት ጥንዶች ናቸው። ሦስቱ ሙግትም ማብራሪያም ያልሆኑ፤ አንድ ምክር፣ አንድ ዘገባ፣ አንድ ደግሞ «ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይጨቀያል» ዓይነት ቅድመ ሁኔታ፤ «ከ» ያየ ሁሉ እንዳይዘል። የመጨረሻው ክፉ ቀን ነው። እያንዳንዱ ሦስት ነጥብ አለው፤ አንዱ ለስያሜው፣ ሁለቱ «ሰሚው ቀድሞ ያውቃል ብዬ የገመትኩት ይህን ነው» ብሎ ለጻፈ። ስያሜውን ብቻ ብሰጥበት በግምት ግማሹን ያገኛሉ፣ የተማሩት ነገር ግን የለም።

አሁን ወደ አፈርኩበት ልምጣ። አሥራ ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምር እያልኩ እያመነታሁ ነው፤ ስለ ድንቅነሽ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ከተገኘው አጽም የዳሌዋ አጥንት አጭርና ሰፊ ነው፣ የጭኗ አጥንትም ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። «አጥንቷ እንዲህ የሆነው በሁለት እግሯ ትሄድ ስለነበር ነው።» አነጋገሩ የማብራሪያ ነው። የአጥንቱ ቅርጽ የታወቀ ነው፣ መንስኤው ተነገረ። ስትራመድ ያያት ግን የለም! አረማመዷን የተቀበልነው አጥንቱን ከሌላው መላምት ሁሉ በተሻለ ስለሚያብራራ ነው። እንግዲህ ማብራሪያው ራሱ የሙግቱ መነሻ ሆነ ማለት ነው። ሐኪምም፣ መርማሪም፣ መካኒክም የሚያስቡት እንዲህ ነው፤ ይህን ትቼ ሁለቱን በአጥር ለይቼ ባስተምር እውነቱን ግማሽ የሰጠሁ ይመስለኛል። ባስገባው ደግሞ ገና በአንደኛው ሰዓት የለዩትን በሁለተኛው ሰዓት አደባልቄባቸው እወጣለሁ። እኔ ወደ ማስገባቱ አደላለሁ፣ ነጥብ ሳይያዝበት፣ ለውይይት ብቻ። አንቺስ?

ሌላም ልለምንሽ፤ ያንን የጋዜጣ ቁራጭ የምታጠራቅሚበትን ካርቶን አልጣልሽውም አይደል? ጥንድ የሚሆኑ ሁለት ሦስት አንቀጾች ብትልኪልኝ፣ የኔዎቹ ሁሉ ስለ መብራት መጥፋት ሆነውብኛል። ስለ ገበያ ወይም ስለ ኳስ ቢሆን ይመረጣል፤ በኳስ «በምን አወቅህ?» እና «ምን ሆኖ?» ሲደባለቁ መስማት ለብቻው ትምህርት ነው። ትምህርቱ ሐሙስ ነው። በቴሌግራም ፎቶ አንስተሽ ብትልኪው ይበቃኛል፤ ስድቡን ግን በደብዳቤ አድርጊው፣ የእጅ ጽሑፍሽ ናፍቆኛል።

ያንቺው