የልጆቹ የአባት ወገን

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስንነጋገር «የልጆቹን የአባት ወገን እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ» ብለሽኝ ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግን የዘር ነገር ያለው ወረቀት ላይ ነውና ከአማቴ ጋር መዝገብ ስናገላብጥ ከረምን። ሰባቱም ተገኝተዋል።

አምስተኛዋ የባለቤቴ አያት አያት ናት፤ ከኖርዌይ ተሰድዳ የመጣች። ኖርዌጂያኖች በዚያን ዘመን እንደ እኛ በአባት ስም ይጠሩ ነበር። ላርስ የሚባል ሰው ወንድ ልጁ ላርሰን፣ ሴት ልጁ ላርስዳተር ትባላለች። የባለቤቴ ዘመዶች በየትውልዱ የሚለዋወጠው ስም ግራ ሲያጋባቸው ኖሯል፤ አንቺ ብታዪው ወዲያው ይገባሽ ነበር። ክርስትና የተነሣችበት መዝገብ የወላጆቿን ስም ይዟል። አባቷ ስድስተኛው ሆነ፤ የእርሱ መጠሪያ ደግሞ አባቱን ነገረንና ሰባተኛው ሞላ።

እኔ ግን ልቤ የቀረው እርሷው ዘንድ ነው። ባሏ በምዕራብ ሚኒሶታ መሬት የያዘው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 በፈረንጆች አቆጣጠር በፈረሙት ሕግ ነበር፤ እኛ ዘንድ አጼ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ሕጉ ለአንድ ሰፋሪ እስከ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ሰፋሪው ግን አምስት ዓመት ኖሮበትና አርሶት በምስክር ማረጋገጥ ነበረበት። መሬቱ ቀድሞ የአገሩ ነባር የሆነው የዳኮታ ሕዝብ ርስት ነበር፤ በዚያው በ1862 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ካደረጉት ጦርነት በኋላ ከአገራቸው ተባረሩ። ይህንንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ የቤተሰባቸው ታሪክ ነውና።

ባሏ አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ከ1873 እስከ 1877 አንበጣ የዚያን አገር አዝመራ ይበላ የነበረበት ክፉ ዘመን ነው። ሕጉ መበለት የባሏን ጅምር እንድትጨርስ ይፈቅድ ነበርና እርሷ ልጆቿን ይዛ ቆየች። ሁለት ጎረቤቶች ቀርበው ከቦታው እንዳልተለየች ማሉላት። ስንት ኤከር እንዳረሰች፣ ቤቷ ስንት መስኮት እንዳለው ሁሉ በመዝገቡ ተጽፏል። በመጨረሻም የባለቤትነት ወረቀቱ በስሟ ወጣ።

በ1900 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ እናቶችን ስንት እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ይጠይቅ ነበር። እርሷ ስምንት ወልዳ አምስት እንደቀሯት ተናገረች። ሦስቱ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ተወልደው የሞቱ ስለሆኑ በመንግሥት መዝገብ አላገኘናቸውም። አማቴ ያስቀመጠችው አሮጌ የኖርዌይኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በብሉይና በአዲስ ኪዳን መካከል የልደትና የሞት ገጽ አለው። ሦስቱም እዚያ ነበሩ፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት የሞቱ። ያን ገጽ ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስንት ወለድሽ ሲሉሽ ሟቹን ወንድሜን ሳትቆጥሪ መልሰሽ አታውቂም።

እሑድ ስንደውልልሽ ትልቋ ልጄ ከአባቷ ጀምራ ሰባቱን ትቆጥርልሻለች፤ ስትለማመድ ሰንብታለች። የሦስቱን ሕፃናት ስም ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ከወንድሜ ጋር በጸሎትሽ አስቢያቸው።

ናፋቂ ልጅሽ