የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ሕግና ፍሬም በአንድ ፕሮግራም

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን በአንድ ሥራ ላይ ብቻ አተኩሮ ቆይቷል፤ ይኸውም ስንዴን የሚያጠቁትን ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ ተጠቃሚውን እየጠየቀ የሚለይ አነስተኛ ኤክስፐርት ሲስተም፣ ማለትም የባለሙያን ዕውቀት ይዞ እንደ ባለሙያ የሚደመድም ፕሮግራም፣ መሥራት ነው። ለዚህም የናሳ ጆንሰን የጠፈር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1985 ያዘጋጀውንና በነፃ የሚገኘውን ክሊፕስ የተባለ የኤክስፐርት ሲስተም መሥሪያ መርጠናል፤ በቤተ ሙከራችን አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይም ያለ ችግር ሠርቶልናል።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አባላቱ ዕውቀቱን ሁሉ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ነው» በሚሉ ሕጎች ጻፉት። መንገዱ የተፈተነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው፣ የደም ኢንፌክሽንን ለመለየት የሚረዳው ማይሲን የተባለ ፕሮግራምም የቆመው በመቶዎች በሚቆጠሩ መሰል ሕጎች ላይ ነበር። ሆኖም የበሽታው መንሥኤ ፈንገስ መሆኑን በየሕጉ መደጋገም ግድ ሆነ፤ አንዱን ለማረም የተነሣ ሁሉንም መነካካት ነበረበት።

ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ወዳቀረበው የፍሬም ሐሳብ ዞርን፤ ፍሬም ስለ አንድ ነገር የሚታወቀውን በአንድ ቦታ የሚይዝ፣ እንደ ቅጽ የሚሞላ መዋቅር ነው። የጋራው ባሕርይ «ዋግ» በተባለ ወላጅ ፍሬም ውስጥ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ዓይነቶች ያንን ወርሰው የየራሳቸውን ጨመሩ፤ ለምሳሌ ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቢጫ ነጠብጣቦችን ያሳያል። ሕጎቹ ግን አልተጣሉም፤ ፍሬም የሚታወቀውን ይይዛል እንጂ በእኛ አሠራር የሚደመድመው ሕግ ነው። ለወላጁ የተጻፈ ሕግ ለልጆቹም ስለሚሠራ የሕጎቹ ብዛት በግልጽ ቀነሰ።

የዓመቱን ትልቅ ክርክር ያስነሣችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል አባል ናት። ተጠቃሚው ቀይ ቡናማ ቀለም አየሁ ሲል ፕሮግራሙ የግንድ ዋግን ይገምታል፤ ምልክቱ የታየበት ቦታ ካልተነገረው ደግሞ ፍሬሙ «ግንድ» የሚለውን የተለመደ ዋጋ (መልስ ሲጠፋ በቦታው የሚገባውን መረጃ) ራሱ ይሞላል፤ ቀጥሎ ያለው ሕግም ያንን አይቶ «በግንድ ላይ ስለታየ የግንድ ዋግ ነው» ብሎ ያረጋግጣል። ፕሮግራሙ ለራሱ ግምት ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው፤ ሕጉ ከሰው የመጣውን መልስና ከፍሬሙ የተሞላውን ግምት የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ከረጅም ውይይት በኋላ ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን «የታየ» ወይም «የተገመተ» የሚል ምልክት እንዲቀመጥ፣ የሚያረጋግጡት ሕጎችም የታየውን ብቻ እንዲቀበሉ ተደረገ።

በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ አሁን ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ይጠይቃል፤ የትኛው ጥያቄ መቅደም እንዳለበት መወሰን ለመጪው ዓመት አባላት የተላለፈ ሥራ ነው።