ስለ ዳይኖሰሯ ገርቲ የተጻፈው እርማት ያስፈልገዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጥበብ ገጻችሁ ስለ አኒሜሽን ታሪክ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንዘር ማካይ እ.ኤ.አ. በ1914 የሠራት «ዳይኖሰሯ ገርቲ» የዓለም የመጀመሪያዋ ካርቱን ተብላለች። አባባሉ በየቦታው ስለሚደጋገም በጸሐፊው ብቻ አይፈረድም፤ ስሕተትነቱ ግን አይቀርም። ስቱዋርት ብላክተን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣሉ ፊቶችን ያንቀሳቀሰው በ1906 ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ700 ያህል ሥዕሎች የተሠራውን «ፋንታስማጎሪ» ፓሪስ ውስጥ ያሳየው ኦገስት 17 ቀን 1908 ነው። ማካይ ራሱም ቢሆን ከገርቲ በፊት በ1911 «ሊትል ኒሞ»ን፣ በ1912 ደግሞ ስለ አንዲት ትንኝ የሚያወራ ፊልም ሠርቶ ነበር።

ታዲያ ይህቺ ፊልም በታሪክ ውስጥ ያን ያህል ቦታ ያገኘችው በምንድን ነው? በአሠራሯ ነው፤ ጽሑፋችሁ ዝም ብሎ ያለፈውም ይህንኑ ነው።

ገርቲ መጀመሪያ የተሠራችው ለመድረክ ትርዒት ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1914 ቺካጎ በሚገኘው ፓላስ ቴአትር ስትቀርብ ማካይ አለንጋ ይዞ ከሸራው አጠገብ ቆሞ ያዝዛታል። እጅ ንሺ ሲላት እጅ ትነሣለች፣ ሲቆጣት ታለቅሳለች፣ የሚበላ ነገር ሲወረውርላት አፏን ከፍታ ትቀልባለች። መጨረሻ ላይ ከሸራው ጀርባ ይሰወርና በሥዕል መልክ ተመልሶ ይመጣል፤ ገርቲም ተሸክማው ትሄዳለች። ችግሩ ፊልም ሰው አለመጠበቁ ነው። ተናጋሪው አንዲት ቃል ቢያዘገይ ዳይኖሰሯ ሳትታዘዝ ታጎነብሳለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ድርጊት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ መለካት ነበረበት። ማካይ የገርቲን አተነፋፈስ ለመወሰን የራሱን ትንፋሽ በሰዓት ለክቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ትንፋሽ 3 ሴኮንድ ቢፈጅና ፊልሙ በሴኮንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቢሄድ 48 ሥዕል ይፈልጋል።

ከዚህም የተነሣ ነው ማካይ ሥዕሎቹን ከአንድ እስከ መጨረሻ በተርታ ያልሣላቸው። በተርታ የሚሥል ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። በየሥዕሉ የምትፈጠር የፀጉር ያህል ልዩነት ተጠራቅማ እንስሳው ሳይታወቅ ይወፍራል ወይም ይከሳል፤ ድርጊቱም ከታሰበለት ጊዜ ያልፋል። ማካይ መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ይሥላል፤ 1ኛውንና 9ኛውን እንበል። ቀጥሎ መካከላቸው ያለውን 5ኛውን፣ ከዚያ 3ኛውንና 7ኛውን፣ በመጨረሻም 2፣ 4፣ 6 እና 8ን ይሞላል። ስሕተት ቢፈጠር በሁለት አቋሞች መካከል ታጥሮ ይቀራል እንጂ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠሩ አኒሜተሮችም ዋናውን አቋም አስቀድመው መሐሉን በኋላ የሚሞሉት በዚሁ መንገድ ነው። የሚደጋገም እንቅስቃሴ ሲኖርም፣ ለምሳሌ ገርቲ ቆማ ስትወዛወዝ፣ ያንኑ የሥዕል ረድፍ ደጋግሞ ፎቶ ማንሣት በቂ ነበር።

ሥዕሎቹ የተሠሩት በስስ የሩዝ ወረቀት ላይ ነው፤ ስስነቱ ከታች ያለው መስመር እንዲታይ ይረዳል። በየማዕዘኑ የመስቀል ምልክት ይደረግና አንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር በዚያ ይገጣጠማል። ዳራውን፣ ማለትም ቋጥኙን፣ ዛፉንና የሐይቁን ዳር፣ በየወረቀቱ ላይ እየገለበጠ የሣለው ረዳቱ ጆን ፊትዝሲመንስ ነበር። ግልጽ ሴሉሎይድ (ፕላስቲክ መሰል ስስ ገጽ) በሥዕሉ ላይ ማነባበርና ዳራውን አንዴ ብቻ መሣል ገና አልተለመደም፤ አሜሪካዊው አኒሜተር አርል ኸርድ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያመለከተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ፊልሙን ሲያዩ ገርቲን ለአፍታ ትተው ቋጥኙን ይመልከቱ። መስመሮቹ ይርገበገባሉ። አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዱን መስመር ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መገልበጥ አይችልም።

ጽሑፋችሁ የጠቀሰው «10,000 ሥዕል» ከፊልሙ ከራሱ መግቢያ የተወሰደ ነው፤ የማስታወቂያ ሽታ ግን አለው። 10,000ን ለ16 ብናካፍል 625 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ10 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ዛሬ በእጃችን ባለው ቅጂ ውስጥ የሥዕሉ ክፍል ከዚህ በጣም ያጥራል፤ ያውም የተደጋገሙትን ሥዕሎች ሳንቀንስ።

አሜሪካዊውን የካርቱን ሠሪ ጆን ብሬይንም በአኒሜሽን አባትነት ብቻ አንሥታችሁ አልፋችኋል። ማካይ ፊልሙን እየሠራ ሳለ ብሬይ ጋዜጠኛ መስሎ ቀርቦ አሠራሩን አይቷል፤ በኋላም በተመሳሳይ ዘዴዎች ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶ ማካይን ከሰሰው። ክሱ አልሠመረለትም፤ እንዲያውም ለጥቂት ዓመታት ለማካይ ክፍያ ሲፈጽም ቆየ። ብሬይ ፋብሪካ መሰል ስቱዲዮ በማቋቋም ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ ይህኛው ታሪክ ግን ተቆርጦ መቅረት አልነበረበትም።

ፊልሙን ለማየት ለሚፈልጉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። አሁን የሚገኘው በ1914 መጨረሻ ለሲኒማ ቤት የተዘጋጀው ቅጂ ሲሆን፣ መግቢያው ላይ ሰዎች የሚተውኑበት የውርርድ ታሪክ ተጨምሮበታል፤ የማካይም ንግግር በጽሑፍ ተተክቷል። በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚሄድ ቅጂ ካጋጠማችሁ ተዉት። ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆን ገርቲ ክብደቷን አጥታ እንደ ዶሮ ትራወጣለች፤ ያ ሁሉ በሰዓት የተለካ ትንፋሽም ማለክለክ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአኒሜሽን ባለሙያ