ሆርሙዝ ሲታመስ እኛ ቱሉ ዲምቱ ላይ እንወርዳለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ሳሪስ። የሆርሙዝ የባሕር ሰርጥ ባለበት በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውጥረት ነገሠ በተባለ ቁጥር እኛ ሰፈር ቀድሞ የሚታወቀው በታክሲ ነው። ማደያው ጋ ሰልፉ ይረዝማል። ሚኒባሶቹ ግማሽ ቀናቸውን እዚያው ቆመው ይውላሉ። ማታ የሚመጡት ጥቂቶቹ ደግሞ «ቱሉ ዲምቱ ብቻ!» ይላሉ። ኮዬ ሳንደርስ እዚያ ያራግፉንና አደባባዩን ዞረው ይመለሳሉ። ያው መኪና፣ ያው ረዳት፣ «ኮዬ! ኮዬ!» እያለ እንደ አዲስ ይጭናል። ሁለት ጊዜ እንከፍላለን።

በቀደም ማታ አንዲት እናት ልጅ አዝላ፣ በእጇ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ይዛ አብራን ወረደች። መቀነቷን ፈትታ ብሯን ቆጠረች። ለሁለተኛው አልበቃትም። አጠገቧ የቆመ ወጣት ባይከፍልላት በዚያ ጨለማ በእግሯ ልትሄድ ነበር። ረዳቱን ስጠይቀው «እህቴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈን ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ገቢውን ይፈልጋል» አለኝ። አልዋሸም።

የአሰብን የነዳጅ ማጣሪያ ካጣን ወዲህ የተጣራ ነዳጅ ነው የምንገዛው። አብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በቦቴ ወደ እኛ። የዓለም ነዳጅ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚያልፍበት ሆርሙዝ ሲሰጋ፣ የነዳጁም የመርከቡም የኢንሹራንሱም ዋጋ ይወጣል። ይህን አዲስ አበባ ያለ ባለሥልጣን ያስቆመዋል አልልም። መስመር መቆራረጥን ግን ማስቆም ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ለሕዝብ ማመላለሻዎች የተሰጠው ታሪፉ እንዳይንር ነው፤ ለተሳፋሪው ተብሎ። ባለሥልጣናቱ ታሪፉን በሕግ ወስነው መንገዱ ለሁለት ሲቆረጥ ዝም ካሉ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለማን ወጣ? ተቆጣጣሪዎችን ጠዋት ጠዋት ሳሪስ አያቸዋለሁ። የምንፈልጋቸው ግን ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ። ሰልፍ ሲበረታም ሩቅ መስመር ለሚሠሩ ታክሲዎች ቅድሚያ ይሰጥ፤ ያኔ ረዳቱም ሌሊቱን አያነጋም።

ሌላም አለ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ቆይቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የዓባይ ውኃ ሆርሙዝን አያቋርጥም። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ በተገዛ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ኮዬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ገላን ይመደብልን። መሀል ከተማ ያለው ሰው ታክሲ ቢያጣ በእግሩ ይደርሳል። እኛ አንደርስም።

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ